ሼዱ ብቻውን አይቆምም



የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ፥ ከሁሉ ይልቅ ሰውን ያስደነቀው የግንባታው ፍጥነት ነበር፤ የመጀመሪያው ክፍል የተፈጸመው በዘጠኝ ወር ያህል ነውና። እኔ በጸሐፊነት የማገለግላቸው ነጋዴም፥ ሠራተኛ በበዛ መጠን ገዢ ይበዛል በማለት በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ላለው መደብራቸው ፍራሽ፥ ብርድ ልብስና የወጥ ቤት ዕቃ በብዛት አስመጡ።

በ2014 ዓ.ም. ግን ነገሩ ተለወጠ። በኅዳር ወር ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፓርኩ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከታኅሣሥ 23 ቀን ጀምሮም ኢትዮጵያ በአጎዋ ሕግ መሠረት ዕቃዋን ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ የማስገባት ዕድሏ ታገደ። በዋሽንግተን የተወሰነው ነገር በሐዋሳ መደብር ያለውን ፍራሽ ካለበት እንዳይነሣ አደረገው። የዚያን ዓመት ሒሳብ የጻፍሁት እኔ ስለ ሆንሁ ጉዳቱን ዐውቀዋለሁ።

የቀድሞው የምሕንድስና ሥርዐት ሥራውን በክፍል በክፍል ይከፍላል፤ ፕላኑን አስቀድሞ ይጨርሳል፤ ከዚያም ክፍሎቹን ይገጥማል። ይህ ለድልድይና ለመጋዘን የተመሰከረለት ዘዴ ነው። ነገር ግን የውጭ ገዢ፥ ፋብሪካ፥ ሠራተኛና ቤት አከራይ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ውሳኔ በሚወስኑበት ሥራ፥ የክፍሎቹ ማማር ብቻውን ለጠቅላላው ደኅንነት ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ የዘመኑ መሐንዲሶች በጥቂቱ መሞከርን፥ ውጤቱን ቶሎ ቶሎ መመርመርን፥ አንዱ መንገድ ቢዘጋ ሌላ መተላለፊያ ማስቀረትን ይመክራሉ።

በከተማችን ሁለቱም ምሳሌ አለ። ጥቁር ውኃ ወደ ሐይቃችን ይገባል፤ ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ይህ ታስቦ ፋብሪካዎቹ የተጠቀሙበትን ውኃ አጣርቶ መልሶ ለሥራ የሚያውል ጣቢያ ከሼዶቹ ጋር አብሮ ተሠራ። ሼዱና ሐይቁ እንደ አንድ አካል ታዩ ማለት ነው። የሠራተኞቹ መኖሪያ ግን እንዲህ አልታየም። ከገጠር የመጡት ወጣት ሴቶች በጠባብ ክፍል በብዛት ተከራይተው ኖሩ፤ ደመወዙ ከኪራይና ከምግብ ስለማይተርፍ ብዙዎቹ ሥራውን ጥለው ሄዱ።

ይህ ምክር ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። አስተዋይ አስመጪ ሙሉ ኮንቴይነር ከማዘዙ በፊት ናሙና ያስመጣል፤ ገንዘቡንም ሁሉ በአንድ ዕቃ ላይ አያውልም። በየግላችን የምናውቀውን ይህን ጥበብ ስለ ምን በጋራ አንሠራበትም?

የእኔ አሳብ፥ ንግድ ምክር ቤቱ በየሦስት ወሩ የፓርኩን፥ የውኃውን፥ የመብራቱን፥ የትራንስፖርቱን ኃላፊዎች ከቤት አከራዮችና ከባለሱቆች ጋር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲያስቀምጥ ነው። ስብሰባማ ሞልቷል የሚል ሰው አይጠፋም፤ እውነት አለው። ይህኛው ግን ለንግግር አይሁን። እያንዳንዱ ምን እንደ ጨመረ፥ ምን እንደ ጐደለና ምን እንደሚያሠጋው በአንድ ገጽ በቍጥር ጽፎ ይምጣ። እንዲህ ያለ ገጽ በ2013 ዓ.ም. በእጃችን ቢኖር ኖሮ፥ አጎዋን ባናስቀር እንኳ ፍራሹን በልክ ባዘዝን ነበር።