ለአርሂባ ጋቢ ሳይሆን አጎበር

ደሴም ይሁን ደብረ ብርሃን፣ አንዲት ሴት ማርገዟ ሲሰማ ከእናት፣ ከአክስት፣ ከጎረቤት የሚዘንበው ምክር ያው ነው፤ ጋቢ ደርቢ፣ እግርሽን አሙቂ፣ መስኮት ዝጊ፣ ብርድ እንዳይመታሽ። ለደጋ ሌሊት ምክሩ ክፋት የለውም። ችግሩ የሚመጣው በስልክ አድርጎ ጅቡቲ ከተማ፣ አርሂባ ሰፈር ድረስ ሲወርድ ነው።

አርሂባ የአፋር የወደብ ሠራተኞች የሰፈሩበት፣ ቤቱ ከቤት የተጣበቀ የጅቡቲ ሰፈር ነው። በሐምሌ የከተማዋ ሙቀት ቀን ከ40 ዲግሪ ይሻገራል፤ ሌሊትም ቢሆን ከ30 ዲግሪ ብዙም ዝቅ አይልም። የባሕሩ እርጥበት ሲጨመርበት ላብ ይወርዳል እንጂ አይደርቅም፤ ላብ ካልደረቀ ደግሞ ሰውነት አይቀዘቅዝም። የቆርቆሮው ጣሪያ ቀኑን ሙሉ እንደ ምጣድ ሲግል ይውላል። የብሎኬት ግድግዳው በበኩሉ ቀን የዋጠውን ሙቀት የሚመልሰው ማታ፣ ሰው ሁሉ ጋደም ሲል ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ መስኮት ዘግታ ጋቢ የምትደርብ ነፍሰ ጡር ራሷን አልጠበቀችም።

የነፍሰ ጡር ሰውነት በራሱ ከሌላው ሰው የበለጠ ሙቀት ያመነጫል፤ ፅንሱም ከእናቱ ግማሽ ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ሙቀት ሲበዛ ልብ ደሙን ወደ ቆዳ እየገፋ ሰውነትን ለማብረድ ይታገላል፤ ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ያኔ ሊቀንስ ይችላል። ከ27 አገሮች የተሰበሰቡ 70 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረና በ2020 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ሥራ፣ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ያለጊዜው የመውለድ ዕድል በ5 በመቶ ገደማ፣ በሙቀት ማዕበል ወቅት ደግሞ በ16 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። በጋምቢያ እርሻ ላይ በሚሠሩ ነፍሰ ጡሮች ላይ የተደረገው ጥናትም ሙቀቱ ሲጨምር የፅንሱ ጭንቀት አብሮ እንደሚጨምር አግኝቷል። ቀን የደከመ ሰውነት የሚያገግመው ማታ ነው። ማታውም እንደ ቀኑ ከሆነ ማገገሚያ የለም።

አቅም ያለው የጅቡቲ ቤተሰብ በዚያ ወቅት ወደ አርታ ከፍታ ወይም ወደ ድሬዳዋ ይወጣል። የሌለው ደጅ ያነጥፋል። ደጅ መተኛት ለሙቀቱ መላ ነው፤ ግን ሌላ ጣጣ ይዞ ይመጣል። ከተማ ውስጥ የሚራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለው የወባ ትንኝ ጅቡቲ ላይ የታወቀው በ2012 ነበር። በዚያ ዓመት 27 ብቻ የነበረው የወባ ሕመምተኛ በ2020 ከ73 ሺህ በላይ ሆነ። ድሬዳዋም በ2022 በዚሁ ትንኝ ሳቢያ ወረርሽኝ አይታለች። ትንኙ ረግረግ አይፈልግም፤ ክዳን ያጣ የውሃ በርሜል ይበቃዋል። ያው ለመታጠቢያና ለማቀዝቀዣ ተብሎ በር ላይ የሚቀመጠው በርሜል ማለት ነው። ወባ ነፍሰ ጡርን ለደም ማነስና ለውርጃ ስለሚያጋልጥ፣ ደጅ የምትተኛ ሴት በፀረ ተባይ የተነከረ አጎበር ከራሷ በላይ ሊዘረጋላት ይገባል፤ በርሜሉም ይከደን።

ከ2011 ጀምሮ ጅቡቲ ከኢትዮጵያ በተዘረጋው መስመር ኤሌክትሪክ ትገዛለች። የአርሂባ ነፍሰ ጡር ግን ሒሳቡም መቆራረጡም ያሳስባታል። ማራገቢያ ይረዳል፤ የክፍሉ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ካለፈ ግን የጋለ አየር ከመንፋት የዘለለ ሥራ የለውም። ያኔ የሚሻለው እርጥብ ጨርቅ አንገትና ብብት ላይ ማድረግ፣ ገላን በውሃ ማርጠብ፣ ሳይጠሙ መጠጣት ነው። ቤቱ ያለው አንድ ማራገቢያ ከሆነ ደግሞ፣ ከሰዓት በኋላ የጫት ቃሚዎቹን ሲያበርድ ቢውል እንኳ ማታ ፊቱን ወደ እርጉዟ ያዙር! በጥር፣ ሌሊቱ ወደ 23 ዲግሪ ሲወርድ፣ አንድ አንሶላ ይበቃል።

ወደ ደጋው ሲመለሱ ደግሞ ሙቀት ፍለጋው ራሱ ገዳይ ሊሆን ይችላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ በብዙ ቤት ማንደጃው ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፤ በርና መስኮቱ ይዘጋል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም። ከደም ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ኃይል ነው። የፅንሱ ደም ከእናቱ ይበልጥ ያከማቸዋል፤ ቶሎም አይለቀውም፤ እናትየዋ ንጹህ አየር አግኝታ ነቃ ብትል እንኳ ሆዷ ውስጥ ያለው ገና አልዳነም። ክፉው ነገር ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማስመለስ መሆኑ ነው። እርጉዝ ሴት ይህን ሁሉ ከእርግዝናው ቆጥራ ተመልሳ ትተኛለች።

ፍሙ አመድ ለብሷል ተብሎ ማንደጃ አይታለፍም፤ አመድ ሥር ያለው ፍም እየጨሰ ያድራል። ክፍሉን ቀድሞ ማሞቅ ይቻላል፤ ከመተኛት በፊት ግን ማንደጃው ከደጅ፣ አየሩም ተናፍሶ። ከዚያ በኋላ ብርድ ልብስ፣ ካልሲ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ የማንንም ነፍሰ ጡር ሌሊት ያሻግራሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 ጀምሮ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ ይመክራል። በእነዚያ ቀጠሮዎች የደም ግፊቷ ይለካል፣ ሽንቷ ይመረመራል፣ ክብደቷ ይመዘናል። የት እንደምትተኛ ግን እምብዛም ሲነሳ አይሰማም። ጥያቄው ገንዘብ አይጠይቅም፤ የጅቡቲው የዳር አል ሐናን የወሊድ ሆስፒታልም ሆነ የደብረ ብርሃን ጤና ጣቢያ በካርዱ ላይ አንድ መስመር ቢጨምሩለት ይበቃል። ደጅ ነው የምትል አጎበር ይዛ ትሂድ፤ መስኮት በሌለው ክፍል ነው ካለች ባሏም ይጠራና ስለ መኝታው ቦታ ይነጋገሩ፤ ማንደጃ አጠገብ ነው ካለች ከሌላው ምርመራ በፊት ያ ይነገራት።