120 ሜትር ከየት ተለክቶ?

ቦሌ ሊያርፉ ሲቃረቡ ጎማቸውን ዘርግተው፣ የቤቱን ቆርቆሮ እያንቀጠቀጡ የሚያልፉ አውሮፕላኖች ለሳሪስ አቦ ነዋሪ እንግዳ አይደሉም። ታዲያ መጋቢት 5፣ የአቦ ንግሥ ዕለት፣ ሕዝቡን ከላይ ለመቅረጽ ድሮን የሚያስነሳ ወጣት ስንት ሜትር ድረስ መውጣት ይችላል? ማንንስ ይጠይቅ?

ድሮን ይዞ ከውጭ የመጣ መንገደኛ ሕጉን ጉምሩክ ላይ ያገኘዋል፤ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ከሌለው ዕቃው እዚያው ይያዛል። ስጋቱ መሠረት አለው፤ ድሮን ምን እንደሚሠራ ይህች አገር አይታለች። ግን ቁጥጥሩ «ዕቃው የማን ነው?» ላይ ካቆመ፣ «የት? ስንት ሜትር? በስንት ሰዓት?» የሚለውን ማን ይመልሳል? ፈቃድ ያለው ድሮን ከአውሮፕላን ጋር አይጋጭም ያለውስ ማን ነው?

አሜሪካና አውሮፓ ለድሮን የሚፈቅዱት ከፍታ በጥቅሉ 120 ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ሳሪስ ላይ እንዳለ መገልበጥ ይበቃል? የሚያርፍ አውሮፕላን በተለምዶ በ3 ዲግሪ ዘቅዝቆ ይወርዳል፤ በኪሎ ሜትር 52 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ጎማው መሬት ሊነካ ከ2 ኪሎ ሜትር ትንሽ በላይ ሲቀረው ከመሬት ያለው ከፍታ ያው 120 ሜትር አካባቢ ነው። ሌላ ቦታ የድሮኑ ጣሪያ የሆነው እዚህ የአውሮፕላኑ መንገድ ነው። ደግሞስ 120 ሜትር ከየት ተለክቶ? ድሮኑ የሚቆጥረው ከተነሳበት ነው፤ ከአሥረኛ ፎቅ ጣሪያ ያስነሱት ዜሮ የሚለው ጣሪያውን ነው።

«ይቺ ትንሽ ፕላስቲክ ምን ታመጣለች?» ለሚል፣ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ምን ጣለው? ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ የገቡ እርግቦች። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። እርግብ ሥጋና ላባ ናት፤ ድሮን ግን ባትሪና ሞተር ተሸክሟል።

ገደብ መጻፍ ብቻውንም አያድንም። በጥቅምት 2017 እ.ኤ.አ. በካናዳ ኩቤክ ለማረፍ ሲቃረብ ድሮን የመታው አነስተኛ የመንገደኞች አውሮፕላን 450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነበር፤ አገሩ ለድሮን የፈቀደው 90 ሜትር ብቻ ሆኖ ሳለ። በሰላም አረፈ። ደንቡን የጣሰው ሰው ደንብ መኖሩን ያውቅ ነበር?

በአውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ ፎቅ የሚሠራ ሰው የሕንፃው ቁመት ይገደብበታል። ለማይንቀሳቀሰው ሕንፃ ከፍታ የሚወስን ተቋም፣ በደቂቃ ውስጥ ከፎቁ በላይ ለሚወጣው ድሮን ካርታ አዘጋጅቶ በየወረዳው ቢለጥፍ ምን ያግደዋል? ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ ለሚገነባው ማረፊያስ ካርታው ከማኮብኮቢያው ይቀድም ይሆን?

የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን መልሱን ሲያመጣ በአንድ ገጽ ያምጣው፦ የተከለከለው ክልል ከየትኛው ሰፈር ይጀምራል? ከዚያ ውጭ የሚፈቀደው ከፍታ ስንት ነው? ወጣቱ ድሮኑን ከማስነሳቱ በፊት የሚደውለው የት ነው?