የልጅዎ ክንድ ብቻውን ልጅዎ አይደለም



በአሜሪካ ትንሽ ከተማ በቤዝቦል ስሙ የገነነ ልጅ እናስብ። ኳስ ወርዋሪ ነው፤ ከተማው ሁሉ ያጨበጭብለታል። ካደገ በኋላ ግን ኳሱን ትቶ፣ ባለሁለት ጎማ ቀላል ጋሪ ላይ ተቀምጦ የውድድር ፈረስ የሚነዳ ሆነ። ብዙዎቻችን «ተሰጥኦው ባከነ!» እንላለን። እኔ አልስማማም። ሁለተኛውን ሙያ በጤነኛ ሰውነት ከጀመረ፣ ወላጆቹ ትልቁን ሥራ ሠርተዋል።

እኔ የምፈራው በ12 ዓመቱ ክርኑ ለተጎዳው ልጅ ነው።

በዚህ ዕድሜ አጥንት የሚያድግበት የክርን ክፍል ገና ለስላሳ ነው። ኳስ በኃይል በተወረወረ ቁጥር የክርኑ ውስጠኛ ጎን ይሳባል። ዕረፍት ካላገኘ ያማል፣ ያብጣል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ስለዚህ «ክርኔን አመመኝ» ሲልዎ እንደ ስንፍና አይቁጠሩበት። ውርወራውን ያስቁሙና ሐኪም ያሳዩ። ማስታገሻ ሰጥቶ ወደ ሜዳ መመለስ ጉዳቱን መደበቅ ነው።

«ቢበጠስም በቀዶ ሕክምና ይጠገናል» የሚሉ አሉ። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ የታዋቂውን ወርዋሪ የቶሚ ጆንን የተበጠሰ የክርን ጅማት ከሌላኛው እጁ በወሰዱት ጅማት ተክተውለት ወደ ሜዳ ተመልሷል። ለማገገም ግን ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ጤነኛ ክንድን ይበልጥ የሚያጠነክር ቀዶ ሕክምና የለም።

ምን ላድርግ ካሉ፦

✅ ከ9–10 ዓመት የሆነው በቀን ከ75፣ ከ11–12 ዓመት የሆነው ከ85 ውርወራ አይለፍ።
✅ በአንድ ቀን 66 እና ከዚያ በላይ ከወረወረ 4 ቀን ይረፍ።
✅ በዓመት ቢያንስ 4 ወር ከውርወራ ይረፍ። በዚያ ጊዜ ሌላ ስፖርት ይሞክር።

ሻምበል አበበ ቢቂላን አስታውሱ። በሮምና በቶኪዮ ማራቶን ያሸነፈው ጀግና እ.ኤ.አ. በ1969 በመኪና አደጋ መራመድ ተሳነው። በ1971 ግን ኖርዌይ ውስጥ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ተወዳድሮ አሸነፈ። ሰው ከሚወዳደርበት ስፖርት ይበልጣል።

ዛሬ ልጅዎ ከጨዋታ ሲመለስ፣ «ስንት ለስንት ወጣችሁ?» ከማለትዎ በፊት «ክርንህ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁት።

ለሌሎች ወላጆችም ያጋሩ። ጤና ይብዛልዎ!