ለአንጎል ፈንገስ ምርመራ ምስሉ ይቅደም ወይስ ፈሳሹ?

በኤችአይቪ ምክንያት የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ታካሚ ለሳምንታት የዘለቀ ራስ ምታት ይዞ ሆስፒታል ሲደርስ፣ ሐኪሙ በቅድሚያ ሲቲ ስካን ማዘዝ ይቀናዋል። ልማዱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ በአንጎል ውስጥ እባጭ ካለ ከወገብ ፈሳሽ መቅዳት አደጋ ሊያስከትል ይችላል። ክሪፕቶኮከስ በተባለው ፈንገስ የሚመጣውን ማጅራት ገትር በተመለከተ ግን ይህ ቅደም ተከተል እንደገና ሊጤን ይገባዋል።

ይህ ፈንገስ በአብዛኛው የሚራባው በአንጎል ሽፋንና በደም ሥሮች ዙሪያ ባሉ ጠባብ ክፍተቶች ውስጥ ነው። ስለዚህም የብዙ ታካሚዎች ሲቲ ስካን አንዳች እንከን አያሳይም። ኤምአርአይ የተሻለ ያያል፤ በአንጎል ጥልቅ ክፍሎች የሰፉ ክፍተቶችንና ዝልግልግ ነገር የሞላባቸውን ከረጢት መሳይ ቅርጾች ሊያወጣ ይችላል። እርሱም ቢሆን አንዳንዴ ምንም አያገኝም። “ጤናማ ነው” የሚል የምስል ሪፖርት በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ ሌሊቱን ሲሠራ ላደረ ተረኛ ሐኪም ግን እንዲያ ሊነበብ ይችላል።

በአንጻሩ የክሪፕቶኮከስ አንቲጅን ምርመራ ከደም ወይም ከተቀዳው ፈሳሽ በ10 ደቂቃ ያህል ውጤት ይሰጣል፤ ውድ መሣሪያም አይጠይቅም። ፈሳሹን መቅዳት ደግሞ ራሱ ሕክምና ነው፤ የዓይን ብርሃንን የሚያጠፋውንና ለሞት የሚዳርገውን የጭንቅላት ውስጥ ግፊት ያቃልላል። ኤምአርአይ በዋና ዋና ከተሞች በተወሰነባት ኢትዮጵያ፣ ታካሚን ለምስል ብሎ ከወረዳ ሆስፒታል ወደ ሩቅ ከተማ መላክ ግፊቱን ይዞ እንዲጓዝ መፍረድ ነው። የአንድ ወገን ሽባነት ወይም የሚደጋገም የመንቀጥቀጥ ሕመም የታየበት ታካሚ ምስሉ ይቅደምለት፤ ሌላው ግን ሊጠብቅ አይገባም።

ይህ ክርክር ለሁሉም ፈንገስ አይሠራም። ሙኮርማይኮሲስ፣ በተለይ የስኳር ሕመሙ ከቁጥጥር በወጣ ሰው ላይ፣ ከአፍንጫ ዙሪያ ክፍተቶች ተነሥቶ በዓይን ጉድጓድ በኩል ወደ አንጎል ይዘልቃል። በሽታውን የሚያረጋግጠው የተቆረጠው ሥጋ ምርመራ ቢሆንም፣ የት ድረስ እንደ ዘለቀ ለቀዶ ሐኪሙ የሚያሳየው ምስሉ ነው፤ እዚህ ላይ ኤምአርአይን ማዘግየት ያስጠይቃል።

በዚህ መስክ የመመረቂያ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ ምስሉ ምን እንዳሳየ ብቻ መዝግቦ ባይቆም መልካም ነው። ታካሚው ከገባበት ሰዓት እስከ መጀመሪያው ፈሳሽ ቅዳት ስንት ሰዓት አለፈ? ከዚያስ ውስጥ ምስል በመጠበቅ ያለፈው ስንቱ ነው? ሁለቱም ከታካሚው ካርድ ላይ ሊለቀሙ የሚችሉ ናቸው።