«ቀደር ነው» እያልን የሰው ሐቅ አናስቀር



የዛሬው ጽሑፋችን ቅር የሚያሰኛቸው ይኖራሉ። ቢሆንም እንጽፈዋለን፤ ጉዳዩ የባሮች ሐቅ ነውና።

በርበሬ ምን እንደሆነ ለሻሾጎ ሰው አይነገርም። የልጅ ትምህርት፣ የቤት ቆርቆሮ፣ የሠርግ ወጪ የሚወጣው ከእሱ ነው። ቦኖሻ አካባቢ የምናውቀው አንድ ገበሬ የበርበሬው ቅጠል ሲጠወልግበት የእርሻ መድኃኒት ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ ማሳውን አላየም፤ በወሬ ብቻ አንድ ጠርሙስ አንስቶ ሰጠው። የሰጠው ለስንዴ አረም የሚረጨውን ቱ ፎር ዲ ነበር፤ ስንዴውን የማይነካ፣ ሰፊ ቅጠል ያለውን ግን የሚያደርቅ። በርበሬ ደግሞ ሰፊ ቅጠል ነው። ማሳው አለቀ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ባለሱቁ አልካደም፤ እንደውም አለቀሰ። ግን ሱቁን ከነዕቃው ቢሸጠው የዓመት ምርት አይከፍልም፤ እሱም የልጆች አባት ነው። በመጨረሻ «የአላህ ቀደር ነው፣ አፉ በለው» ተባለ። ገበሬውም አፉ አለ። ዱዓ ተደርጎ ተበተንን። የዘርና የማዳበሪያ ብድሩን ማን ከፈለለት? የጠየቀ የለም። እኛም እዚያ ተቀምጠን ነበር፤ እኛም አልጠየቅንም።

በቀደር ማመን የኢማን ማዕዘን ነው፤ በዚህ ማንም አይከራከረንም። ነገር ግን ቀደር የዕዳ መሰረዣ የሆነው በየትኛው ኪታብ ነው? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንደሚሆን ተናግረዋል። ሰይዲና ዐሊይ (ረ.ዐ) ልብስ አቅላሚውንና አንጥረኛውን በእጃቸው ለጠፋው የሰው ንብረት ዋስ ያደርጓቸው እንደነበር ተዘግቧል። በስህተት ነፍስ ሲጠፋ ደግሞ ሸሪዓ ዲያውን በገዳዩ ጫንቃ ላይ ብቻ አልጣለም፤ ዓቂላው፣ ማለትም ዘመዱ ወገኑ፣ በሦስት ዓመት ከፋፍሎ እንዲከፍል አደረገ። ተበዳዩ ባዶ እጁን አይቀርም፣ የተሳሳተውም አይደቅም። እኛ የባለሱቁን ግማሽ ብቻ ይዘን የገበሬውን ጣልነው።

የሀገሪቱ ሕግም ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2031 ሙያ የያዘ ሰው የሙያውን ደንብ እንዲያከብር ያዛል። አንቀጽ 2651 ደግሞ የሕክምና ተቋም በቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት ለሚደርስ ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ በቦኖሻም በሆሳዕናም በዱራሜም ክሊኒክ የከፈተ፣ የግብር ሒሳብ የሚሠራ፣ የሕንፃ ፕላን የሚነድፍ ሁሉ ይህ ኃላፊነት ትከሻው ላይ ነው፤ አወቀውም አላወቀውም።

ለዚህ ሸክም የተሠራው የሙያ ኃላፊነት መድን ይባላል። ባለሙያው በቸልተኝነት ወይም በስህተት በደንበኛው ላይ ጉዳት ቢያደርስ፣ ካሳውንና የክርክሩን ወጪ እስከ ተወሰነ ጣሪያ የሚሸፍን ነው። ሆን ተብሎ የተሠራን ጥፋት፣ ማጭበርበርን፣ ያለፈቃድ መሥራትን አይሸፍንም። ለጠበቆች አዲስ ነገር አይደለም፤ የፌዴራል የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይጠይቃቸዋል። የእኛ ባለሙያዎች ግን ስሙ ሲነሳ ወዲያው «ኢንሹራንስ ሐራም ነው» ብለው ይዘጉታል።

እስቲ እንነጋገር። የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ጂዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ፣ ቋሚ ዓረቦን የሚከፈልበት የንግድ ኢንሹራንስ ከባድ ገረር ስላለበት አይፈቀድም ብሏል። ልክ ነው፣ እኛም ከዚያ አንወጣም። ነገር ግን ያው ውሳኔ በመለገስና በመረዳዳት ላይ የተመሠረተውን የትብብር ኢንሹራንስ አማራጭ አድርጎ አስቀምጧል። ወንድሞቻችን የመጀመሪያውን ግማሽ አንብበው መጽሐፉን አጠፉት። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1979 በዚህ መንገድ ኩባንያ አቋቁማለች፤ ማሌዥያ በ1984 ሕግ አውጥታለታለች።

ደግሞ አንድ ነገር ይግረመን፦ እነዚሁ ሰዎች ለባጃጃቸው የሦስተኛ ወገን ስቲከር ገዝተው ለጥፈዋል። «ምን እናድርግ፣ ዶሩራ ነው፣ ትራፊክ ይይዘናል» ይላሉ። ትራፊክ ሲፈራ ዶሩራ አለ፣ የገበሬው ማሳ ሲደርቅ የለም?

ዛሬ ደግሞ ዶሩራ ፍለጋ መሄድም የሚያስፈልግ አይመስለንም። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የተካፉል መመሪያ አውጥቷል፤ ግሎባል ኢንሹራንስን የመሰሉ ኩባንያዎችም የተካፉል መስኮት ከፍተዋል። በተካፉል የምናዋጣው ገንዘብ ተበሩዕ ነው፤ የአባላቱ ፈንድ ውስጥ ይገባል እንጂ የኩባንያው ትርፍ አይሆንም። ኩባንያው ለማስተዳደሩ የታወቀ ክፍያ ይወስዳል፣ ፈንዱ ቢጎድል ያለ ወለድ ያበድራል፣ ከካሳ የተረፈው ለአባላቱ ይመለሳል። ገንዘቡም ወለድ ውስጥ አይገባም።

«ስም ተቀይሮ ነው እንጂ ያው ነው» የሚሉ አሉ። ጥርጣሬያቸውን አንንቅም። ግን መጠርጠር ለመጠየቅ እንጂ ለመተኛት አይሁን! የሸሪዓ አማካሪዎቹ እነማን ናቸው? የተረፈው ገንዘብ እንዴት ይከፋፈላል? የተካፉሉ ሒሳብ ከመደበኛው የተለየ ነው? ውሉን አንብቦ «ይኼ አንቀጽ ልክ አይደለም» የሚል ዑለማእ ቢመጣ እጁን እንስማለን። ሳያነብ የሚያወግዘውን ግን አንሰማም።

እድራችን አለ የሚለንም አይጠፋም። እድር ድንኳን ይተክላል፣ ጀናዛ ያነሳል፣ አላህ ይቀበለው። የተቃጠለ ማሳ ካሳ ግን የእድር ሳጥን አይችለውም።

ኩባንያዎቹንም አንተዋቸውም። ለመኪናና ለጭነት ብቻ ተካፉል እያላችሁ አዲስ አበባ ከተቀመጣችሁ ለእኛ ምናችሁም አይደላችሁም። የሙያ ኃላፊነት ተካፉል አላችሁ ወይ? ለአንዲት የገጠር ፋርማሲ፣ ለአንድ የእርሻ መድኃኒት ሱቅ በሚሆን መጠን ትሸጣላችሁ ወይ? በዞኑ ያሉ የክሊኒክ፣ የፋርማሲና የእርሻ መድኃኒት ሱቅ ባለቤቶች በማኅበር ተሰባስበው በአንድ ቢመጡ ዋጋው ስንት ይሆናል? መልሱን በዚሁ ገጽ ላይ ሳንቀንስ ሳንጨምር እንለጥፈዋለን።

ባለቤቶቹም ጁሙዓ ከሶላት በኋላ መስጂድ ግቢ ውስጥ ቆዩልንና ስማችሁን እንመዝግብ። ዘንድሮ ክረምት ያ ገበሬ እንደገና በርበሬ ይተክላል፤ ቅጠሉ ከጠወለገም የሚሄደው ወደዚያው ሱቅ ነው፣ በአቅራቢያው ሌላ የለም።

ወላሁ አዕለም።