ነዶውን አትጣሉብን

«አንተ ዘግይተህ ነው የመጣኸው። ከ1994 በፊት ያለውን ተወው፣ አቋራጩን ያዝ።»

ይህን ያለኝ ለዶክትሬት በሄድኩበት ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የተመደበልኝ አማካሪ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።) ብዙ ጊዜ አልፏል፤ ነገሩ ትዝ ሲለኝ ግን ዛሬም ደሜ ይፈላል። ከደሃ አገር ለመጣ ልጅ ውጤቱ ይበቃዋል፣ አሠራሩ ምን ያደርግለታል የሚል ንቀት ነበርና። በሒሳቡም ቢሆን ስህተት ነው።

በ1982 ማይክል ፍሪድማን ቀለል ያሉትን ባለ አራት ዳይሜንሽን ቅርጾች በቶፖሎጂ ለይቶ መደባቸው። በዚያው ሰሞን ሳይመን ዶናልድሰን የሚባል የኦክስፎርድ ተማሪ የፊዚክስ ሊቃውንቱን የያንግ–ሚልስ እኩልዮሽ ተውሶ ዓለምን ጉድ አሰኘ። ለቶፖሎጂ አንድ የሆኑ ሁለት ቅርጾች ካልኩለስ ሲሠራባቸው ሊለያዩ እንደሚችሉ ታወቀ። ልዩነቱን የሚናገሩት ከእኩልዮሹ መፍትሔዎች የሚወጡ ቁጥሮች ናቸው፤ ቅርጹን እንደ ላስቲክ ብትስበው አይለወጡም። በ1986 ሁለቱም የፊልድስ ሜዳልያ ተሸለሙ።

ያንን እኩልዮሽ ግን ማን ቁጭ ብሎ ይፈታዋል? ዶናልድሰን በ1985 በአልጀብራ እኩልዮሽ ለሚገለጹት ባለ አራት ዳይሜንሽን ቅርጾች፣ ለአልጀብራዊ ገጾች፣ በር ከፈተ፦ መፍትሔን መፈለግ የተረጋጋ የቬክተር ጥቅልን (በገጹ በየነጥቡ የተተከሉ የቬክተር ስፔሶች ስብስብ ነው) ከመፈለግ ጋር አንድ ነው። ጥቅሎቹ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ይሰበራሉ። የተሰበሩትንም አቅፎ የሚይዘውን ነገር ፈረንጆቹ ሺፍ ይሉታል፤ ቃሉ ነዶ ማለት ነው፣ እኔም በክፍሌ ነዶ እያልኩ አስተምረዋለሁ። እያንዳንዱን የተረጋጋ ነዶ አንድ ነጥብ አድርገን ስንሰበስብ ሞዱላይ ስፔስ የሚባል አዲስ ቅርጽ ይወጣል። ዴቪድ ጊዘከር በ1977 ለገጾች ሠርቶት ስለነበር፣ ዶናልድሰን ሲመጣ ቤቱ ተሠርቶ ቆይቶታል።

በ1994 የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሳይበርግና ዊተን መጡ። በአዲሱ እኩልዮሻቸው የወራት ልፋት በጥቂት ገጽ አለቀ። ትልቅ ሥራ ነው፣ አልክድም። ነገር ግን አዲሶቹ ቁጥሮች የድሮዎቹን ይሰጣሉ የሚለው የዊተን ቃል ከፊዚክስ የመጣ ግምት ነበር። ማረጋገጫ የት አለ? ለሰፊ የአልጀብራዊ ገጾች ወገን ማረጋገጫው የመጣው ከሞቺዙኪ የ2009 መጽሐፍ፣ ቀጥሎም ከጎትሸ፣ ናካጂማና ዮሺዮካ የ2011 ጽሑፍ ነው። መንገዳቸውም ነዶ መቁጠር ነው! አቋራጩ ትክክል ስለመሆኑ የመሰከረው ያ «ተወው» የተባልኩት መንገድ ነው።

በዚያው በ1994 ዊተን ራሱ ከሌላው የፊዚክስ ሊቅ ከቫፋ ጋር ሆኖ የፊዚክስ ሐሳቡን ሊፈትን ሲነሣ የተደገፈው በጎትሸ የ1990 የነዶ መቁጠሪያ ቀመር ላይ ነው። ጎትሸ የሚሠራው ትሪየስት፣ አብዱስ ሳላም በ1964 እንደ እኛ ካሉ አገሮች ለሚመጡ ሳይንቲስቶች ብሎ ባቋቋመው ማዕከል ውስጥ ነው። አማካሪዬ ይህን ያውቅ ነበር።

አሠራሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ኬ3 በሚባለው ገጽ ላይ ይታያል። የኦይለር ቁጥሩ (ቅርጽ ሲሳብ የማይለወጥ አንድ መለኪያ ነው) 24 ነው፤ ለዚህ ስሌት 24 ነጥብ እንዳለው አድርገን ብንቆጥር አይፈርስም። ገጹ ላይ ሁለት ነጥብ ምረጥ፤ ምርጫህ አንድ ነዶ ይወስናል። የተለያዩ ነጥቦች ከሆኑ 24 ጊዜ 23 ለሁለት ሲካፈል 276 ይሆናል። ከተጋጠሙስ? የቸኮለ ሰው 24 ይጨምርና 300 ይላል። ነዶው ግን ነጥቦቹ በየትኛው አቅጣጫ እንደተጋጠሙ ያስታውሳል። በአንድ ነጥብ ያሉት አቅጣጫዎች ሉል ይሠራሉ፣ የሉል የኦይለር ቁጥር 2 ነው፣ ስለዚህ የሚጨመረው 48 ነው። 324። ራማኑጃን ዴልታ ከሚባለው የቁጥር ንድፈ ሐሳብ ፈንክሽን ግልባጭ የሚወጣው ቁጥር ይኸው 324 ነው፤ 300 ያለ ሰው ያንን ዝምድና በሕይወቱ አያየውም። ለእኔ የተሰጠኝ ምክር 300 ብለህ እለፍ የሚል ነበር።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ አቋራጩን ከነመንገዱ ነው የማስተምረው፤ ጊዜ ይፈጃል የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ ይፍጅ። ባለፈው ሴሚስተር 324ን ጽፌ ጠመኔውን ሳስቀምጥ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ «ቆይ መምህር፣ ሦስት ቢሆኑስ?» አለችና ወደ ሰሌዳው ወጣች። የተለያዩ ሲሆኑ 2024። ሁለቱ ሲጋጠሙ 1104። ሦስቱም አንድ ላይ ሲወድቁ ላይ ቆመች፤ ረጅም ጊዜ ቆመች፤ ማንም አልቸኮለባትም። በየነጥቡ 3 አለች፣ 72። ደመረችና ከሥሩ 3200 ብላ ጻፈች።