ዋስ ያጣ እስረኛ

ስለ ዋስትና ሲነሣ ብዙዎቻችን ነገሩ የጠበቆች ጉዳይ ብቻ ይመስለናል። እኔም እንዲሁ ነበርሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን በጉባኤያችን የሚያገለግል አንድ ወጣት ከጎረቤቱ ጋር ተጣልቶ በድብደባ ተጠርጥሮ ታሰረ። ፍርድ ቤቱ 10 ሺህ ብር አስይዞ እንዲፈታ አዘዘ። ቤተሰቡ ገንዘቡን አጣ፤ እኛም “ምን እናድርግ?” እያልን ስንመካከር ሁለት ሳምንት አለፈ። እንዲፈታ የተፈቀደለት ልጅ ገንዘብ ስለሌለው ብቻ ታስሮ ቆየ። የቀን ሥራውንም በዚሁ ምክንያት አጣ።

ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብና በዋስ የመፈታት መብት እንዳለው ይናገራል። ዋስትና የሚከለከለው በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ነው። አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ንጹሕ ይቆጠር ይላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ዳኛው የዋስትናውን መጠን ሲወስን ከክሱ ክብደት ሌላ የተከሳሹንና የዋሶቹን አቅም እንዲያይ በቁጥር 69 አዝዟል። ልብ በሉ፣ የሰው አቅም ይታይ የተባለው በንጉሡ ዘመን ነው! እኔ በተገኘሁባቸው ችሎቶች ግን ስለ ወንጀሉ ብዙ ሲጠየቅ ሰማሁ እንጂ “በወር ስንት ታገኛለህ? ስንት ልጆች ታሳድጋለህ?” ሲባል አልሰማሁም። 10 ሺህ ብር ለነጋዴው የአንድ ቀን ሽያጭ ነው፤ ለቀን ሠራተኛው ግን የማይገፋ ተራራ ነው።

ይህን ስል የተበደሉትን ረስቼ አይደለም። የደፈራት ሰው በዋስ ወጥቶ በሰፈሯ ሲመላለስ የምታይ እኅት ምን እንደሚሰማት በምክር አገልግሎት ሰምቻለሁ። ለዚህም ሕጉ በቁጥር 67 መልስ አለው። ተጠርጣሪው ይጠፋል፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል ወይም ምስክር ያባብላል የሚል ሥጋት ካለ ፍርድ ቤት ዋስትና ሊከለክል ይችላል። እንግዲህ መመዘን ያለበት ሥጋቱ ነው። ገንዘብ መለኪያ ሲሆን ግን አደገኛው ባለጠጋ ከፍሎ ይወጣል፤ ጉዳት የሌለው ድሀ ውስጥ ይቀራል።

ሌላው ችግር “ይፈታ” የተባለ ሰው አለመፈታቱ ነው። በ1993 ዓ.ም. ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ወዲያው ተመልሰው ተያዙ። ብዙም ሳይቆይ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስ እንዳያገኝ የሚከለክል ሕግ ወጣ። ክልከላው በ1997 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ላላ። ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ከዚያም ወዲህ ባሉት ዓመታት የፍርድ ቤት የዋስትና ትእዛዝ ይከበር ብሎ ደጋግሞ ጠይቋል። ሚኒስትር የነበረ ሰው እንዲህ ከሆነ ጫማ ጠራጊው ልጅ በማን ይጮኻል?

እኛ አማኞች ለዚህ እንግዶች አይደለንም። ጳውሎስ ሁለት ዓመት በቂሣርያ ያለ ፍርድ የታሰረው በምን ምክንያት ነበር? የሐዋርያት ሥራ 24ን አንብቡ፤ ገዥው ፊልክስ ገንዘብ ይጠብቅ ነበር። በተሰሎንቄ ደግሞ ኢያሶንና ሌሎች ወንድሞች የተለቀቁት ዋስ ከሰጡ በኋላ ነው።

“ፓስተር፣ ምሳሌ 22 ዋስ አትሁን አይልም ወይ?” የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ክፍሉ የሚናገረው በሌላ ሰው ዕዳ ስለ መያዝ ነው፤ መክፈል የማትችለውን አትግባ ነው ምክሩ። በፍርድ ቤት ዋስ የሚሆን ሰው ደግሞ የሚጠየቀው በፈረመው መጠን ነው። ይሁዳስ ለብንያም ዋስ ሆኖ የለም ወይ? ዕብራውያን 7 ጌታችንን ዋስ ብሎ ይጠራዋል። ዋስ ለሆነልን ጌታ እየዘመርን ለወንድም ዋስ መሆንን እንደ ነውር ማየታችን ያሳፍረኛል።

ከመንግሥት የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ዳኛው የሰውየውን ገቢ ጠይቆ ይወስን። ለቀላል ክስ የሰው ዋስ ወይም በየሳምንቱ ጣቢያ ቀርቦ መፈረም ይብቃ። “ይፈታ” የተባለውን ያልፈታ ኃላፊ ራሱ ይጠየቅ። ከዚህ የቀረው የእኛ ነው። በዋስትና የተያዘ ገንዘብ ተከሳሹ ቀጠሮውን ካከበረ ጉዳዩ ሲያልቅ ይመለሳል።

ለዚያ ወጣት በመጨረሻ ያዋጣነው 10 ሺህ ብር ተመልሶልናል። ሽማግሌዎች ለብቻ ሒሳብ አስቀምጠውት እስከ ዛሬ ሦስት ሰዎች ወጥተውበታል። አንደኛው ቀጠሮውን ጥሶ ጠፋና ያስያዝንለት 3 ሺህ ብር ለመንግሥት ገቢ ሆነ። በዚያ ሰሞን ስብሰባችን ጫጫታ ነበር፤ ሒሳቡ ግን አልተዘጋም።